የአንባቢያን ጥያቄ ለጋሽ ታዴ፦ ከኢንዱስትሪያል ወደ ቴክኖ የሄደው ጆሮ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ፣ ጸሐፊዎቹ ሳይተዋወቁ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው፦ ስለ ኢንዱስትሪያል፣ ማለትም ከማሽንና ከብረት ድምጽ ስለሚሠራው ሻካራ ሙዚቃ፣ እና ስለ ቴክኖ፣ ማለትም በማያቋርጥ የኤሌክትሮኒክ ምት ስለሚሄደው የዳንስ ሙዚቃ። ስለዚህ አብሬ አወጣኋቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሽ ታዴ፣ ጤና ይስጥልኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትምህርት ወደ ላይፕዚግ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ያኔ የዶርም ጎረቤቴ የነበረ ጀርመናዊ ልጅ የቤልጅየሙን ቡድን የፍሮንት 242ን ካሴት ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ስኪኒ ፓፒ፣ ናይን ኢንች ኔይልስ፣ አይንሽቱርዘንደ ኖይባውተን እያልኩ ኢንዱስትሪያል ሙዚቃ ብቻ ስሰማ ኖርኩ። በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ሰሞን እዚህ ከተማ የሚዘጋጀው ቬቭ ጎቲክ ትሬፈን የሚባለው የሙዚቃ ፌስቲቫል አምልጦኝ አያውቅም ነበር። አሁን ወደ ሃምሳው እየተጠጋሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እጄ የሚሄደው ወደ ቴክኖና ወደ አምቢየንት፣ ወደዚያ ምት ወደማይበዛበት የድባብ ሙዚቃ፣ ሆኗል። የድሮዎቹን ስከፍት ሁለት ዘፈን ሰምቼ አጠፋለሁ። ጓደኞቼ ‹ከዳኸን› ይሉኛል፤ ግማሾቹ ግን እነሱም እንደኔው ሆነዋል። እርጅና ነው? ወይስ ያኔም የወደድኩት ሙዚቃውን ሳይሆን ጥቁር ልብሱንና ጓደኝነቱን ነበር? ሸክላዎቼንስ ልሽጣቸው? ዮናስ፣ ከላይፕዚግ።»

ወንድሜ ዮናስ፣ ሸክላዎቹን አትሽጥ። በሌላው ሁሉ ልንከራከር እንችላለን፤ በዚህ ግን አልከራከርህም።

እርጅና ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። አንተ የሄድክበትን መንገድ ሙዚቃውን የፈጠሩት ሰዎች ካንተ በፊት ሄደውበታል፤ ያውም በወጣትነታቸው። ኢንዱስትሪያል የሚለው ስም የመጣው ከትሮቢንግ ግሪስል ነው። እነዚህ አራት እንግሊዛውያን በ1976 ለንደን ውስጥ ያቋቋሙትን አሳታሚ «ኢንዱስትሪያል ሬከርድስ» አሉት። ሥራቸው ብዙውን ጊዜ ጆሮ የሚያደማ ነበር። ግን በ1979 ያወጡትን «20 ጃዝ ፈንክ ግሬትስ» አውጣና በመጀመሪያ ሽፋኑን እየው። አራቱም ሽርሽር የወጡ መስለው ሣርና አበባ ላይ ቆመዋል። የቆሙበት ቦታ ቢቺ ሄድ ነው፤ ሰዎች ራሳቸውን እየወረወሩ በመሞት የሚታወቅ የባሕር ዳር ገደል። ከዚያ «ሆት ኦን ዘ ሂልስ ኦፍ ላቭ» የሚለውን ስማ። የክሪስ ካርተር ማሽን ሳይቸኩል ይመታል፤ ኮዚ ፋኒ ቱቲ በሹክሹክታ ታወራለች፤ ጩኸት የሚባል ነገር የለበትም። ዛሬ ቅዳሜ ማታ በርሊን ውስጥ አንድ ዲጄ በቴክኖ መሃል ቢያስገባው፣ ከሚጨፍሩት ውስጥ የ1979 ሥራ መሆኑን የሚጠረጥር ብዙ ሰው አይኖርም።

በ1981 ቡድኑ ተበተነ። ካርተርና ኮዚ «ክሪስ ኤንድ ኮዚ» ተብለው ዜማ ወዳለው የሲንተሳይዘር (ድምጽን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ) ሙዚቃ ሄዱ። ሌላው አባል ጀነሲስ ፒ-ኦሪጅ ሳይኪክ ቲቪ በሚባለው ቡድኑ በኩል እስከ አሲድ ሃውስ፣ ከቺካጎ እስከመጣው የዳንስ ሙዚቃ፣ ደረሰ፤ በ1988 የወጣውን «ጃክ ዘ ታብ»ን ማየት ነው። አራተኛው አባል ፒተር ክሪስቶፈርሰን የነበረበት ኮይል የሚባል ቡድንም በ1991 «ላቭስ ሲክሬት ዶሜይን»ን ሲያወጣ የዳንስ ቤቱ ተጽዕኖ በግልጽ ይሰማበት ነበር። እና ጓደኞችህ «ከዳኸን» ሲሉህ መጀመሪያ እነዚህን ይክሰሱ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ የካባሬ ቮልቴር፣ የእንግሊዟ ሸፊልድ ከተማ ቡድን፣ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሪቻርድ ከርክ፣ ስቲቨን ማሊንደርና ክሪስ ዋትሰን በ1973 ሲጀምሩ ሸፊልድ የብረት ከተማ ነበረች። ዋትሰን የስልክ ቴክኒሻን ነበር፤ ሥራውን የጀመሩት በቴፕ ነው፤ ድምጽ እየቀዱ፣ እየቆረጡ፣ እየቀጠሉ። በ1979 «ናግ ናግ ናግ»ን አወጡ፤ ያንን የሰማ ሰው እነዚህ ልጆች አንድ ቀን ቺካጎ ሄደው ሃውስ ይሠራሉ ብሎ አይጠብቅም። ሄዱ። በ1990 የወጣው «ግሩቪ፣ ሌይድባክ ኤንድ ናስቲ» የተሠራው ከቺካጎው የሃውስ ሰው ከማርሻል ጀፈርሰን ጋር ነው። ከርክ በዚያው ዓመት ከዲጄ ፓሮት ጋር ስዊት ኤክሶርሲስት በሚል ስም «ቴስቶን»ን አወጣ፤ አሳታሚው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሸፊልድ የተቋቋመው ዋርፕ ነው። እኔ የድምጽ መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ «ቴስቶን»ን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የሥራ ጠረጴዛዬ ነው። ሚክሰር ሲሠራና ሳይሠራ ለመለየት በመስመሩ የምለቃቸውን ዓይነት ጥርት ያሉ ነጠላ ድምጾች፣ ከሥራቸው ደረት የሚነካ ቤዝ ተደርጎባቸው፣ ሙዚቃ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ያ ድምጽ ከኢንዱስትሪያል ቤት የወጣ ሰው ድምጽ ነው። ከርክ ኢንዱስትሪያልን ጥሎ ቴክኖ አልጀመረም፤ ያንኑ ድምጽ የመፈተሽ ሥራውን ነው የቀጠለው። በ2021 እስኪያርፍ ድረስም አላቆመም።

ዋትሰን ደግሞ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። በ1981 ከቡድኑ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥን የድምጽ ሥራ ገባ፤ ከዚያም የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ድምጽ ቀጂ ሆነ። ዴቪድ አተንበሮ ለቢቢሲ ባቀረበው የአእዋፍ ተከታታይ ፊልም ላይ ድምጹን ከቀዱት አንዱ እሱ ነው። በ2011 «ኤል ትሬን ፋንታስማ» የሚል አልበም አወጣ፤ ከሜክሲኮ አንዱ ጠረፍ ወደ ሌላው በሚሄድ ባቡር ላይ ከቀዳቸው ድምጾች የተሠራ። የሐዲዱ ምት፣ የፍሬኑ ሲጥታ፣ በየጣቢያው የሚሰሙት ወፎችና ነፍሳት፤ ሌላ መሣሪያ የለም። ዮናስ፣ ይህን አልበም በጆሮ ማዳመጫ፣ በጨለማ ስማውና በሃያ ዓመትህ የፈለግከው ነገር ውስጡ እንዳለ ወይም እንደሌለ አንተው ፍረድ። እኔ አለ ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር ልውሰድህ። ቤልጅየም፣ ጌንት የመጣሁት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ከአንድ አሮጌ ሙዚቃ ቤት የገዛሁት ኤ ስፕሊት ሰከንድ የሚባል ቡድን «ፍሌሽ» የሚለው ሸክላ አለ፤ በ1986 የወጣው። መሃሉ ላይ ባለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «33፣ +8» የሚል ተጽፎበታል። የጻፈው የቀድሞ ባለቤቱ ነው፤ ዲጄ ሳይሆን አይቀርም። ሸክላው መጫወት ያለበት በደቂቃ በ45 ዙር ነው። ቤልጅየም ውስጥ ግን ዲጄዎች በ33 አድርገው፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው በ8 በመቶ ከፍ አድርገው ያጫውቱት ጀመር። ሒሳቡን ብትሠራው ዘፈኑ ከነበረበት ፍጥነት በአንድ አምስተኛ ያህል ይዘገያል፤ በደቂቃ 125 ምት የነበረው 100 ገደማ ይሆናል። ከበሮው ይከብዳል፣ የዘፋኙ ድምጽ ይወፍራል፣ በድምጾቹ መካከል ቀድሞ ያልነበረ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። ያ ወታደራዊ ሰልፍ የሚመስለው ሙዚቃ በድንገት ወገብ አወጣ። ኒው ቢት የሚባለው የቤልጅየም የዳንስ ሙዚቃ መነሻው ይኸው ነው፤ ከጌንት ወጣ ብሎ ደስተልበርገን ላይ የነበረው ቦካቾ የሚባለው ዳንስ ቤትም እሑድ ማታ በዚሁ ይናወጥ ነበር። ሙዚቀኞቹ አዲስ ነገር ከመሥራታቸው በፊት ዲጄውና ጨፋሪው ያንኑ ሸክላ ሌላ ዘውግ አደረጉት። እኔ ስለ ሙዚቃ ምርጫ መለወጥ ስጠየቅ ይሄንን ሸክላ አንስቼ አሳያለሁ።

እዚሁ ጌንት የተመሠረተው አሳታሚ አር ኤንድ ኤስ ሬከርድስ በ1990 የጆይ ቤልትራምን «ኢነርጂ ፍላሽ» አወጣ፤ ከባድ ቴክኖ ነው። በ1992 ደግሞ አፖሎ በተባለው ቅርንጫፉ በኩል የኤፌክስ ትዊንን «ሰሌክትድ አምቢየንት ወርክስ 85–92»ን አቀረበ። አንተ «ቴክኖና አምቢየንት» ብለህ የጻፍካቸው ሁለቱ፣ በሁለት ዓመት ልዩነት ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው።

የበርሊኑን ታሪክ በአጭሩ ልንገርህ፤ ለአንተ ቅርብ ስለሆነ ሄደህ ማየት ትችላለህ። ዲሚትሪ ሄገማን በ1982 ምዕራብ በርሊን ውስጥ አቶናል የሚባል ፌስቲቫል ጀመረ፤ የአንተ ኖይባውተኖች ከመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች ነበሩ። ሄገማን በኋላ አሜሪካ ሲሄድ የኢንዱስትሪያል አሳታሚ የሆነውን ዋክስ ትራክስን ቺካጎ ላይ ጎበኘ፤ ፋይናል ከት የሚባል የዲትሮይት ቡድን ሥራ ያገኘው በዚሁ ጉብኝት ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ ጄፍ ሚልስ ነበር። ሚልስ ብዙም ሳይቆይ አንደርግራውንድ ሬዚስታንስ ወደሚባለው የዲትሮይት የቴክኖ ቡድን ሄደ፤ ሄገማንም በ1991 በአንድ የፈረሰ ትልቅ መደብር የገንዘብ ማስቀመጫ ምድር ቤት ውስጥ ትሬዞር የሚባለውን የቴክኖ ዳንስ ቤት ከፈተ። ዲትሮይትና በርሊን የተገናኙበት ድልድይ የኢንዱስትሪያል አሳታሚ ቢሮ መሆኑ እኔን አያስገርመኝም። ከ2013 ጀምሮ አቶናል ተመልሷል፤ የሚካሄደው የድሮ የኃይል ማመንጫ በነበረ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ትሬዞርም ዛሬ ያለው እዚያው ግቢ ነው።

ስለ ልብሱና ስለ ጓደኝነቱ የጠየቅከውን አልዘለልኩም። አዎ፣ እሱንም ወደኸዋል። አንድ ሰው አገሩን ለቆ በሃያ ምናምን ዓመቱ ባዕድ ከተማ ሲገባ «ና አብረን እንሂድ» የሚለው ቡድን ካገኘ መታደል ነው፤ ይሄ የሙዚቃ ፍቅርህን ሐሰት አያደርገውም። ደግሞ አንድ ነገር ላስታውስህ። አንተ ላይፕዚግ በደረስክባቸው ዓመታት በዚያው ፌስቲቫል መድረክ ላይ የሚነግሡት ቪኤንቪ ኔሽን፣ አፖፕቲግማ ቤርዜርክና ኮቨናንት የሚባሉት ቡድኖች ነበሩ። የቪኤንቪ ኔሽን «ኤምፓየርስ» በ1999፣ የአፖፕቲግማ «ዌልካም ቱ ኧርዝ» በ2000 ወጡ። እነዚህን ከጥቁር ልብሱ ለይተህ ብትሰማቸው ግማሽ ጎናቸው ትራንስ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ያው ረጅም የሲንተሳይዘር ዜማ፣ ያው ቀስ ብሎ የሚያድግ ውጥረት። ስለዚህ ለውጡ የጀመረህ አሁን አይደለም። ያኔ አጠገብህ ሁሉም አብሮ ስለተለወጠ አልታወቀህም እንጂ።

የሥራ ቦታዬ ደግሞ ሌላ ነገር አሳይቶኛል። ጸጉሩን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ፣ የወታደር ሱሪና ከስክስ ጫማ የማይለየው የድሮ ደንበኛ አለኝ፤ በወጣትነቱ በአንድ የኢንዱስትሪያል ቡድን ውስጥ ይጫወት ነበር። በቅርቡ ኮርግ ኤምኤስ-20 ሲንተሳይዘሩን አመጣልኝ፤ የፊልተሩ (ድምጹን የሚያደፍነውና የሚያጠራው ክፍል) ማዞሪያ በተነካ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ከፍቼ አቧራውን ጠርጌ፣ የሚነካካውን ክፍል አጽድቼ መለስኩለት። ሊሞክረው ሲቀመጥ ድሮ የሚያደርገውን ያደርጋል፣ ፊልተሩን እስከ ጥግ አዙሮ ያስጮኸዋል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ኖታ ብቻ ያዘና ማዞሪያውን ዓይን በማይለየው ዝግታ መክፈት ጀመረ። ድምጹ ከድፍን ተነስቶ ቀስ በቀስ እየጠራ፣ እየሰላ፣ ጩኸት ሊሆን ሲል ቆመ። ቀና ብሎ «ድሮ ከዚህ በኋላ ያለውን ነበር የምወደው፤ አሁን እስከዚህ ያለውን» አለኝ። መሣሪያው ያው ነው፤ ድምጹም ያው ነው።

እንደኔ ትዝብት ምክንያቱ ይህ ነው። ጩኸት ሲደጋገም ማስደንገጡን ያቆማል። መጀመሪያ ሲሰማ ግድግዳ የነበረው ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ ድምጽ) ጆሮ ሲለምደው ውስጡ መታየት ይጀምራል፤ ሻካራው ከለስላሳው፣ ቅርቡ ከሩቁ ይለያል። ለዓመታት ኢንዱስትሪያል የሰማ ሰው፣ ሌላው «ድምጽ ብቻ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ነገር በዝርዝር የሚሰማ ጆሮ ያወጣል። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲያ ዘፈን ላያስፈልገው ይችላል፤ አንድ ከበሮና አንድ በደንብ የተሠራ ድምጽ ይበቃዋል። በጥር 2025 ፍሮንት 242 ብራስልስ ውስጥ አንሲየን ቤልዥክ ላይ ሲሰናበቱ ሄጄ ነበር። ዙሪያዬ የቆሙት በአብዛኛው የኔ ዘመን ሰዎች ናቸው። በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሰሙ ጠየቅኳቸው፤ አንዷ ደብ ቴክኖ፣ ሌላው ድራም ኤንድ ቤዝ፣ ሌላው አምቢየንት አሉኝ። ዝነኛው ዘፈናቸው «ሄድሀንተር» ሲጀምር ግን ከመካከላቸው ዝም ብሎ የቆመ አላየሁም።

የጠፋ ነገር ግን አለ፤ እሱንም ልንገርህ። ቴክኖ ድምጹን ወረሰ፣ ንግግሩን አልወረሰም። ስኪኒ ፓፒ በ1988 «ቪቪሴክት ሲክስ»ን ሲያወጡ በላቦራቶሪ እንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ስቃይ እየተቃወሙ ነበር፤ ያ አልበም የሚያስፈራው ነገሩ ራሱ ስለሚያስፈራ ነው። ሙዚቃቸው ጓንታናሞ ውስጥ እስረኞችን ለማሰቃየት ውሏል መባሉን ሲሰሙ በ2014 ለአሜሪካ መንግሥት የ666 ሺህ ዶላር የክፍያ መጠየቂያ እንደላኩ ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ቁጣ ምሽት ሙሉ በሚዘልቅ ቃል አልባ ምት ውስጥ አታገኘውም። እኔ ይህ ይጎድለኛል፤ ለዚህም ነው አልፎ አልፎ ቁጭ ብዬ የድሮዎቹን ግጥሙን እያነበብኩ የምሰማቸው። አንተም ሁለት ዘፈን ሰምተህ የምታጠፋው ምናልባት እንደ ቴክኖ፣ ሥራ እየሠራህ ከጀርባ ልታሰማው ስለምትሞክር ይሆናል። እነዚህ ሙዚቃዎች ከጀርባ መሆንን አይቀበሉም። ሌላ ሥራ ሳትይዝ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣ አንድ ምሽት ሞክራቸው። ካልሆነም ለሌላ ጊዜ መልሳቸው፤ መደርደሪያው ላይ ይቆዩህ።

«ይድረስ ለአቶ ታዴ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ17 ዓመት ልጄ ክፍሉን ዘግቶ ብረት የሚቀጠቀጥ የሚመስል፣ ሰውዬው የሚጮህበት ሙዚቃ ሲሰማ ከረመ፤ ስሙ ናይን ኢንች ኔይልስ ነው አለኝ። አሁን ደግሞ ዘፋኝ የሌለበት፣ እንደ ተበላሸ ማሽን የሚንጣጣ ነገር ጀምሯል። በትምህርቱ ደህና ነው። ልጨነቅ ይገባኛል? የልጅ እናት።»

እመቤቴ፣ በሙዚቃው አይጨነቁ። ትሬንት ሬዝነር፣ ያ የሚጮኸው ሰውዬ፣ በ2011 ከአቲከስ ሮስ ጋር ለፊልም በሠራው ሙዚቃ ኦስካር ተሸልሟል። በ2021 ሁለቱ «ሶል» ለተባለው፣ ቤተሰብ አብሮ ለሚያየው የካርቱን ፊልም ከጆን ባቲስት ጋር በሠሩት እንደገና ተሸለሙ። ልጅዎ አሁን የጀመረው ዘፋኝ የሌለበት ነገርም ከዚያው ሰውዬ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ ናቲንግ የተባለው የሬዝነር አሳታሚ ኦቴከርንና ስኩዌርፑሸርን የመሳሰሉ እንግሊዛውያንን ሥራ አሜሪካ ውስጥ ያወጣ ስለነበር፣ ብዙ ወጣት ከጩኸቱ ወደ ረቂቁ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የተሻገረው በዚያ በኩል ነው። ልጅዎ መንገዱን ያገኘው በራሱ ከሆነ ጎበዝ ነው።

በ1994 የወጣው «ዘ ዳውንዋርድ ስፓይራል» ራሱን እያጠፋ ስለሚሄድ ሰው የሚናገር አልበም መሆኑን ግን ልደብቅዎ አልፈልግም። ከሰማው አብረውት ቁጭ ይበሉና «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቁት። የሚነግርዎት ብዙ ነገር ይኖረዋል። እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጓደኞቹ ከተለወጡ ያኔ የሚታየው ልጁ ነው እንጂ ሙዚቃው አይደለም፤ ለሐኪም ለመንገርም አይዘግዩ።

እኔን የሚያሳስበኝ ጆሮው ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚመክረው ከፍተኛ ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምጽ ኃይል መለኪያ) ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምጹ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። የጆሮ ማዳመጫውን የድምጽ መጠን የሚያሳይ ስልክ ካለው አብራችሁ ተመልከቱት። ኮንሰርት ሲሄድ ደግሞ ለሙዚቀኞች የተሠራ የጆሮ መድፈኛ ይግዙለት፤ ከፋርማሲው ስፖንጅ ይልቅ ሙዚቃውን ሳያፍን ይቀንስለታል።

«ጋሽ ታዴ፣ 24 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ ነኝ። ዲጄ መሆን እየተማርኩ ነው፣ የማጫውተው ቴክኖ ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹የቴክኖ አባት ኢንዱስትሪያል ነው፣ እሱን ሳታውቂ አታጫውቺ› አለኝ። ሞክሬ አንዱን አልበም እስከ መጨረሻው መስማት አቃተኝ። ከየት ልጀምር? ሕይወት።»

ልጄ ሕይወት፣ ጓደኛሽን አክብሪው፣ ግን አባትየውን አሳስቶታል። ቴክኖን የወለዱት የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች ናቸው፤ ኋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ፣ ኬቨን ሶንደርሰን። የመጡት ከፈንክ፣ ከጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ቡድን ከክራፍትወርክ፣ ሬዲዮ ላይ ከሚሰሙት የተቀላቀለ ነገር ነው። ኢንዱስትሪያል በኋላ የተቀላቀለ ዘመድ ነው። ይህን ማንም እንዳያስረሳሽ፤ የነዚያ ልጆች ስም ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ዘመዱን ለማወቅ ደግሞ በአልበም አትጀምሪ፤ በምት ጀምሪ። የኒትዘር ኤብን «ጆይን ኢን ዘ ቻንት»፣ የ1987ቱን፣ ሌላ ምንም ሳትከፍቺ ሦስት ጊዜ ስሚው። ከበሮ፣ የሚደጋገም ቤዝ፣ የሚጮህ ሰው፤ ያለው ይኸው ነው፣ ግን እግር ያስነሳል። ከዚያ ወደ ኋላ ሂጂና የጀርመኖቹን የዳፍን 1981 ሥራ ስሚ፤ ያው አጥንት የበለጠ ራቁቱን ሆኖ ታገኝዋለሽ። ቀጥሎ የካባሬ ቮልቴርን «ሴንሶሪያ»፣ የክሪስ ኤንድ ኮዚን «ኦክቶበር ላቭ ሶንግ»፣ ለስላሳውን። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ኖይባውተንና በ1980 ማድሪድ ወደ ተመሠረተው ኤስፕሌንዶር ጂዮሜትሪኮ የምትሄጂው። የኋለኞቹን ብዙ የቴክኖ ሰዎች ዛሬም ይወዷቸዋል፤ አንድ የሻከረ ዙር ሳይለወጥ እየተሽከረከረ የሚያፈዝ ነው። አቅጣጫው ተገልብጦ ማየት ከፈለግሽ ደግሞ ሪስ ፉልበርን ፈልጊ። በፍሮንት ላይን አሴምብሊ ለዓመታት ኢንዱስትሪያል ሲሠራ ቆየ፤ ከቢል ሊብ ጋር በዴሊሪየም ስም «ሳይለንስ»ን ሠሩ፤ የቲየስቶ ሪሚክስ በ2000 የትራንስ ክለቦችን አጥለቀለቀ። በኋላ ደግሞ ሶኒክ ግሩቭ በሚባል የቴክኖ አሳታሚ በኩል በራሱ ስም ከባድ ቴክኖ አውጥቷል። አንድ ሰው ሦስቱንም ቤት ኖሮባቸዋል።

ስታጫውቺ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ። የዛሬ ቴክኖ ለዲጄ ታስቦ ስለሚሠራ መግቢያና መውጫው ረጅም ነው። የ1980ዎቹ ብዙዎቹ ግን ዘፈን ናቸው፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ሰውዬው መናገር ይጀምራል። የ12 ኢንች ቅጂውን ወይም ዘፋኝ የሌለበትን ፈልጊ። ካጣሽ የመጀመሪያዎቹን አራት መስፈሪያ ሉፕ አድርገሽ መግቢያውን ራስሽ አስረዝሚው። ቤዙ መካከለኛው ላይ ስለሚበዛ ስትቀላቅይ ከወጪው ሙዚቃ ላይ ዝቅተኛውን ብቻ ሳይሆን መካከለኛውንም ቀንሺ፤ አለበለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ።

እና አንድ የቤት ሥራ። ኖይባውተኖች መሣሪያ መግዣ ሲያጡ ከቆሻሻ መጣያና ከግንባታ ቦታ ብረት እየለቀሙ ነበር የሚመቱት። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል የሚቀጠቅጡትን ታውቂያቸዋለሽ። በጠዋት ሂጂ፣ ሻይ ጋብዣቸው፣ አስፈቅጂ፣ በስልክሽ ቅጂ። መዶሻው ብረቱ ላይ ሲያርፍ ያለውን ድምጽና ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ጭረት ለይተሽ ቁረጪ። ጭረቱን በደቂቃ 125 ላይ በየስምንተኛው አስቀምጪ፣ ከበሮ ሥሩ አድርጊ። የወጣውን ላኪልኝ፤ ለሚቀጥለው እትም ሰምቼ የምለውን እልሻለሁ።